ማችድ ቤቲንግን በደብተር መማር፦ ጅማ ላሉ ጠያቂዎቼ

“ያ ብር የማያስበላው ቤቲንግ እንዴት ነው የሚሠራው?” ይህን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማለሁ። ሱቄ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ነው። ቀን ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ማታ ሒሳብ አስጠናለሁ። አንዱ ከቴሌግራም ሰምቶ ይመጣል፣ ሌላው ውጭ ያለ ወንድሙ ነግሮት። ለእያንዳንዱ በብጣሽ ወረቀት ስጽፍ ከረምኩ። አሁን ሙሉውን እዚህ አስቀመጥኩት።

ማችድ ቤቲንግ ግምት አይደለም፣ ስሌት ነው። በአንድ ውጤት ላይ “ይሆናል” እና “አይሆንም” የሚሉትን ሁለቱንም ትይዛላችሁ። ማንም ያሸንፍ ማን፣ ሁለቱ ይጣፋሉ። የሚተርፈው ቤቲንግ ቤቱ ደንበኛ ለመሳብ የሰጠው ቦነስ ብቻ ነው። ሌላ የትርፍ ምንጭ የለውም።

የጅማን በርጩማ አስቡ። ከአንድ ግንድ ተጠርቦ በሦስት እግር ይቆማል። ይህም ሦስት እግር አለው፦ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚቀየር ቦነስ፣ “አይሆንም” ብላችሁ የምትወራረዱበት ኤክስቼንጅ፣ በሁለቱ መካከል በሕጋዊ መንገድ የሚንቀሳቀስ የራሳችሁ ገንዘብ። አንዱ ከጎደለ የቀረው ተራ ቁማር ነው።

ብሪታንያ ለሚኖር ሰው ሦስቱም አሉ። ስለዚህ ምሳሌዎቼ በፓውንድ ናቸው። ጅማ ላለ ሰው ግን ሁለተኛውና ሦስተኛው እግር የሉም፤ 7ኛ ደረጃ ላይ በቁጥር አሳያለሁ። እዚህ ላላችሁ መመሪያው የሚጠቅመው ስሌቱን ለማወቅ፣ ውጭ ያለ ዘመድ ሲጠይቅ ለመርዳት፣ “ብር ስጡኝ፣ በማችድ ቤቲንግ አተርፍላችኋለሁ” የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ለመመርመር ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እስክሪብቶ። የመጀመሪያዎቹን 30 ስሌቶች በእጅ ሥሩ። ኢንተርኔት ላይ የተዘጋጀ ማስሊያ አለ፣ ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ያላወቀ ሰው ስህተቱን አያይም።
- ካልኩሌተር። የስልካችሁ ይበቃል።
- የቦነሱ ሙሉ ደንብ፣ ታትሞ። ማስታወቂያው አይበቃም።
- በእውነት ለሚሠራው ሰው፦ ዕድሜው 18 የሞላ (በብሪታንያ ሕግ)፣ በራሱ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብና መታወቂያ ያለው መሆን አለበት።
- ለሳምንታት ቢያዝ ኑሮን የማያናጋ ገንዘብ። የቤት ኪራይ፣ የእቁብ ብር፣ ብድር አይሆንም።

1ኛ ደረጃ፦ ኦድን ወደ በመቶ መቀየር

ኦድ መደባችሁ (የቆረጣችሁበት ብር) ስንት ሆኖ እንደሚመለስ የሚነግር ቁጥር ነው። 100 ብር በ2.40 ቆርጣችሁ ከበላችሁ 240 ብር ይመለሳል። ከዚያ ውስጥ 100ው የራሳችሁ መደብ ነው፣ ትርፉ 140 ነው። መደብንና ትርፍን ለይቶ ማየት አሁን ትንሽ ነገር ይመስላል። 5ኛ ደረጃ ላይ ግን ስሌቱ በሙሉ የሚቆመው በዚህ ነው።

አሁን 100ን ለኦዱ አካፍሉ። ለሦስቱም ውጤት አድርጉት፦

ባለሜዳ 2.40፦ 100 ÷ 2.40 = 41.67
አቻ 3.20፦ 100 ÷ 3.20 = 31.25
እንግዳ 2.90፦ 100 ÷ 2.90 = 34.48

ድምሩ 107.40 ነው። የሦስቱ ውጤት ዕድል ተደምሮ ከ100 ሊበልጥ አይችልም። ያ 7.40 የቤቲንግ ቤቱ ድርሻ ነው። ሦስቱም እኩል 100 ብር እንዲመልሱ አድርጋችሁ ብትቆርጡ 107 ብር ከ40 ሳንቲም አውጥታችሁ 100 ብር ትቀበላላችሁ።

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። አንድ ቤት ውስጥ ሁሉንም ውጤት መያዝ እርግጠኛ ኪሳራ እንደሆነ የሚያሳያችሁ እሱ ነው። የ20 ጨዋታ ኦድ ወስዳችሁ ደምሩ። ቤቶቹ ስንት ስንት እንደሚይዙ ያኔ እጃችሁ ይለምደዋል።

2ኛ ደረጃ፦ ባክ እና ሌይን መለየት

ባክ ማለት “ይሆናል” ብሎ መወራረድ ነው። ቲኬት የቆረጠ ሰው ሁሉ ባክ አድርጓል። ሌይ ደግሞ “አይሆንም” ብሎ መወራረድ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ስታዲየም በር ላይ ቆመው አንዱ “ጅማ አባ ጅፋር ያሸንፋል” ይላል፣ ሌላው “አያሸንፍም” ይላል። ሁለተኛው ሰው አባ ጅፋር ሲሸነፍም ይበላል፣ አቻ ሲወጣም ይበላል። ሌይ ማለት ይኸው ነው።

ይህን የሚያስደርጉት እንደ ቤትፌርና ስማርኬትስ ያሉ ኤክስቼንጆች ናቸው። እዚያ ሰው ከሰው ጋር ይወራረዳል። ኤክስቼንጁ እንደ ደላላ ነው። ከአሸናፊው ትርፍ ላይ ኮሚሽን ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 በመቶ።

ሌይ ስታደርጉ የቤቲንግ ቤቱን ቦታ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ያኛው ሰው ከበላ ትርፉን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ኤክስቼንጁ ያንን ገንዘብ አስቀድሞ ይይዛል። እኔ ማስያዣ እለዋለሁ።

ማስያዣ = የሌይ መደብ × (የሌይ ኦድ − 1)

ባለፈው ክረምት፣ ያ የጅማ ዝናብ ሲወርድ፣ አንድ ተማሪ ሁለት ቲኬት በእጁ ይዞ ሱቅ ገባ። አንዱ ቤት ባለሜዳውን በ2.30፣ ሌላው ቤት እንግዳውን በ3.10 ቆርጧል። ከእያንዳንዱ 200 ብር። “ሁለቱንም ይዣለሁ፣ ማችድ ነው” አለኝ። ቲኬቶቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ በሶፍት ሲጠርጋቸው ጽሑፉ አብሮ ደበዘዘ። ማታ ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። 400 ብሩ ሄደ። ልጁ ሁለት “ይሆናል” ነው የያዘው። “አይሆንም” አልያዘም። አቻ የሚባለው ሦስተኛ በር ክፍት ነበር።

ምርመራው ቀላል ነው። ሊሆኑ የሚችሉ ውጤቶችን በሙሉ ደብተር ላይ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ፊት የሚገባውንና የሚወጣውን አስቀምጡ። አንድ መስመር እንኳ ከሌሎቹ ከሳንቲሞች በላይ ከተለየ ማችድ አይደለም።

3ኛ ደረጃ፦ ደንቡን በእስክሪብቶ ማንበብ

ገንዘብ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ደንቡን አትሙና እነዚህን አስምሩባቸው፦

ዝቅተኛው ኦድ ስንት ነው? ከዚያ በታች ከቆረጣችሁ ቦነሱ አይከፈትም።

ነጻ ውርርዱ (ቤቱ በራሱ ገንዘብ የሚያስቆርጣችሁ ቦነስ) ሲበላ መደቡ አብሮ ይመለሳል ወይስ ትርፉ ብቻ? አብዛኞቹ ትርፉን ብቻ ይሰጣሉ። ቀመሩ የሚለወጠው በዚህ ነው።

ስንት ጊዜ መዞር አለበት? “ቦነሱን 5 ጊዜ አዙር” ከተባለ፣ ማለትም ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የቦነሱን 5 እጥፍ ተወራረድ ከተባለ፣ እያንዳንዱ ዙር የራሱ ትንሽ ኪሳራ አለው። ዙሩ ሲበዛ ቦነሱን ይበላዋል።

ነጠላ ጨዋታ ይፈቀዳል? ብዙ ጨዋታ አንድ ቲኬት ላይ መደራረብ ግዴታ ከሆነ ለጀማሪ አይሆንም። ሌይ ማድረግ የሚቻለው አንድ በአንድ ስለሆነ ስሌቱ ይወሳሰባል።

መቼ ያበቃል? በየትኛው መንገድ ገንዘብ ሲገባ ነው የሚሰጠው? አንዳንድ ቤቶች እንደ ስክሪልና ኔቴለር ባሉ የኢንተርኔት ገንዘብ ቦርሳዎች ለገባ ገንዘብ ቦነስ አይሰጡም።

አንዱን እንኳ ካልገባችሁ አትጀምሩ።

4ኛ ደረጃ፦ መክፈቻ ውርርድ

“10 ፓውንድ ተወራረድ፣ 10 ፓውንድ ነጻ ውርርድ ውሰድ” የሚል ቦነስ አለ እንበል። የመጀመሪያው 10 ፓውንድ ዓላማ ቦነሱን መክፈት ነው፣ ማትረፍ አይደለም። ስለዚህ የባክ ኦዱና የሌይ ኦዱ በጣም የተቀራረቡበትን ጨዋታ ምረጡ።

ባክ፦ 10 ፓውንድ በ2.50። ሌይ ኦድ፦ 2.54። ኮሚሽን፦ 2 በመቶ፣ ማለትም 0.02።

የሌይ መደብ = (ባክ መደብ × ባክ ኦድ) ÷ (ሌይ ኦድ − ኮሚሽን)
= 25 ÷ 2.52 = 9.92

ማስያዣው 9.92 × 1.54 = 15.28 ነው።

አሁን ሁለቱን በሮች ፈትሹ። ቡድኑ ካሸነፈ ቤቲንግ ቤቱ 15.00 ትርፍ ይሰጣል፣ ኤክስቼንጁ 15.28 ይወስዳል። ኪሳራ 0.28። ካላሸነፈ ቤቲንግ ቤቱ 10.00 ይበላል፣ ኤክስቼንጁ 9.92 ሰጥቶ 2 በመቶውን ይቆርጣል፣ 9.72 ይቀራል። ኪሳራ 0.28። ሁለቱም በር እኩል ነው። 28 ፔንስ የቦነሱ መግቢያ ዋጋ ነው።

5ኛ ደረጃ፦ ነጻውን ውርርድ ወደ ገንዘብ መቀየር

አሁን ተገላቢጦሽ ነው። መደቡ ስለማይመለስ ከፍ ያለ ኦድ ትፈልጋላችሁ።

ነጻ ውርርድ፦ 10 ፓውንድ በ5.00። ሌይ ኦድ፦ 5.20። ኮሚሽን፦ 0.02።

የሌይ መደብ = መደብ × (ባክ ኦድ − 1) ÷ (ሌይ ኦድ − ኮሚሽን)
= 40 ÷ 5.18 = 7.72

ማስያዣው 7.72 × 4.20 = 32.42 ነው።

ካሸነፈ፦ 40.00 − 32.42 = 7.58። ካላሸነፈ፦ 7.72 ላይ 2 በመቶ ተቀንሶ 7.57። የመክፈቻውን 28 ፔንስ ስትቀንሱ ወደ 7.29 ፓውንድ ይተርፋል።

ለምን ከፍ ያለ ኦድ? ያንኑ ነጻ ውርርድ በ1.50 ባክ፣ በ1.53 ሌይ አድርጉት። 5 ÷ 1.51 = 3.31። በሁለቱም በር የሚገኘው 3.24 ገደማ ነው። ያው ቦነስ፣ ከግማሽ ያነሰ ገንዘብ። የመደቡ አለመመለስ የሚጎዳው ትንሽ ኦድ ላይ ነው።

ማስያዣውንም ልብ በሉ። ለ7 ፓውንድ ትርፍ 32 ፓውንድ ኤክስቼንጁ ላይ ይያዛል። “ያለ መነሻ ገንዘብ ይሠራል” የሚላችሁ ሰው ይህን መስመር አልጻፈውም።

6ኛ ደረጃ፦ በተግባር ሲሠራ ቅደም ተከተሉ

1. ሁለቱንም ገጽ ጎን ለጎን ክፈቱ።
2. የቡድኑ ስም፣ ቀኑ፣ የውርርዱ ዓይነት አንድ መሆኑን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የ90 ደቂቃ ውጤትና “ወደ ቀጣዩ ዙር ያልፋል” የተለያዩ ናቸው።
3. ስሌቱን ሥሩ። ማስያዣው ኤክስቼንጁ ላይ መኖሩን አረጋግጡ።
4. መጀመሪያ ባክ አድርጉ፣ ወዲያው ሌይ።
5. ሌዩ ሙሉ በሙሉ ተቀባይ ማግኘቱን እዩ። ይህን ሳታዩ ገጹን አትዝጉ።

አምስተኛው ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ የ11 ሰዓቱ ጨዋታ ሊጀመር ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ደወለችልኝ። ስሌቱን እኔ ነበርኩ የምሠራላት። ያው የላይኛው ቁጥር ነው፣ 9.92 ሌይ። አስገባች። ስልኩ ላይ “ገብቷል” አለችኝ። የገባው ግን 4.00ው ብቻ ነበር። 5.92ው ተቀባይ ሳያገኝ ጨዋታው ተጀመረና ተሰረዘ። ቡድኑ ተሸነፈ። 10 ፓውንድ ወጣ፣ 3.92 ገባ። 6 ፓውንድ ከ8 ፔንስ ተበላች። ቸኩዬ “ስንቱ ገባ?” ሳልላት ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ደንባችን አንድ ነው፦ ጨዋታው ሊጀመር ከአንድ ሰዓት በታች ከቀረው አንነካውም፣ ተቀባይ ያገኘውን ቁጥር ደግሞ ጮክ ብላ ታነብልኛለች።

7ኛ ደረጃ፦ “እዚህ ጅማስ?” ለሚለው ጥያቄ ስሌቱን ማድረግ

እዚህ ሌይ ማድረጊያ የለንም። ብርም በነጻነት ወደ ፓውንድ ተቀይሮ ውጭ ወዳለ ኤክስቼንጅ አይሄድም። በጥቁር ገበያ ማስላክ በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ ጠያቂዎቼ “ታዲያ በሁለት ቤቲንግ ቤት ሁሉንም ውጤት ብንይዝስ?” ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እንሥራው።

አንዱ ቤት “ከ2.5 ጎል በላይ” ለሚለው 2.08 ሰጠ። ሌላው “ከ2.5 በታች” ለሚለው 2.02 ሰጠ። 48.08 + 49.50 = 97.58። ከ100 በታች ነው። ይህ ብርቅ ነው፣ ግን ተገኘ እንበል። 10,000 ብር ስናከፋፍል 4,927 ብር በ2.08፣ 5,073 ብር በ2.02። የትኛውም ቢበላ ወደ 10,247 ብር ይመለሳል። 247 ብር ትርፍ መሰለ።

አሁን ግብሩ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ከ1,000 ብር በታች ያልሆነ የዕድል ሙከራ አሸናፊነት ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር፤ ስሌቱን በዚያ እንሥራው። ተመኑ ተሻሽሎ ከሆነ የተሻሻለውን አስገቡ። በጣም ዝቅ አድርገን፣ መደቡ ተቀንሶ ትርፉ ላይ ብቻ ነው የሚቆረጠው እንበል። በመጀመሪያው በር ትርፉ 5,321 ነው፣ 15 በመቶው 798 ብር። በሁለተኛው በር ትርፉ 5,174 ነው፣ 15 በመቶው 776 ብር። 247 አትርፎ 798 ወይም 776 መክፈል። በሁለቱም በር ከ500 ብር በላይ ኪሳራ ነው። የተበላውን ቲኬት ግብሩ አይቀንስላችሁም።

በብሪታንያ ተወራራጁ ካሸነፈው ላይ ግብር አይከፍልም። ያው ቀመር እዚያ የሚሠራው፣ እዚህ የማይሠራው በዚህም ነው። ገና ከጅምሩ እንዲህ ያለውን ስሌት ሥሩ። ቴሌግራም ላይ “በጅማ ሆናችሁ በቀን ይህን ያህል” የሚል ስታዩ ግብሩን ቀንሳችሁ መልሱን ላኩላቸው።

8ኛ ደረጃ፦ መዝገብ

ለእያንዳንዱ ውርርድ አንድ መስመር፦ ቀን፣ ጨዋታ፣ ባክ መደብና ኦድ፣ ሌይ መደብና ኦድ፣ ማስያዣ፣ ቢበላ፣ ቢበላብኝ፣ የሆነው። “ቢበላ” እና “ቢበላብኝ” የሚሉት ሁለት አምዶች ውርርዱ ከመግባቱ በፊት መሞላት አለባቸው። በኋላ የተሞላ መዝገብ ከስህተት አያስጥልም። ስክሪን ሾትም አስቀምጡ፣ ቤቱ ቦነሱን ቢክድ የምታሳዩት እሱን ነው።

ዘወትር የማያቸው ስህተቶች

- ኮሚሽኑን መርሳት። በአንድ ሁለት ውርርድ ላይ አይታይም፣ በ50 ውርርድ ላይ ግን የትርፉን ጉልህ ክፍል ይወስዳል።
- ነጥብ ማሳሳት። 9.92ን 99.2 ብሎ ማስገባት። ማስያዣው ከጠበቃችሁት በአሥር እጥፍ ከበለጠ ቁሙ።
- ነጻውን ውርርድ በመክፈቻው ቀመር ማስላት።
- ቴኒስ ላይ መጀመር። ተጫዋች አቋርጦ ሲወጣ አንዱ ቤት ውርርዱን ይሰርዛል፣ ሌላው ይከፍላል። ያኔ አንዱ እግር ብቻ ይቀራል። ለጀማሪ እግር ኳስ ይሻላል።
- አንዱ ሲበላ “ይቺን ደግሞ ያለ ሌይ ልሞክር” ማለት። ይህ ስህተት ከሁሉም ይከፋል።

ማስጠንቀቂያ

በዘመድ፣ በጓደኛ ወይም በእናታችሁ ስም ሒሳብ አትክፈቱ። ቤቶቹ መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ገንዘቡ ይታገዳል፣ ማጭበርበር ተብሎም ሊያስጠይቅ ይችላል። ውጭ ያለ ዘመዳችሁንም “በስምህ ልሥራ” ብላችሁ አታስቸግሩ።

ቤቲንግ ቤት ቦነስ ብቻ የሚወስድ ደንበኛን ይለያል። ቦነስ ይከለክላል ወይም መደቡን ይገድባል። ይህ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ቋሚ ገቢ ብላችሁ አታቅዱበት።

በብድር አይሠራም። ብሪታንያ ውስጥ ከኤፕሪል 14 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በክሬዲት ካርድ መወራረድ ተከልክሏል።

“የተሸጠ ጨዋታ አለኝ” የሚል ሰው ማችድ ቤቲንግን አያውቅም። ገንዘባችሁን ነው የሚፈልገው።

ከዚህ በፊት በቤቲንግ የተጎዳችሁ ከሆናችሁ ደግሞ እዚህ ላይ እንድታቆሙ እለምናችኋለሁ። ስሌቱ ቢገባችሁም እጃችሁ እዚያው ገጽ ላይ ነው የሚውለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ፣ ሄዶ ማነጋገር አያሳፍርም። ብሪታንያ ያላችሁ ጋምስቶፕ ላይ ተመዝግባችሁ ለ6 ወር፣ ለ1 ዓመት ወይም ለ5 ዓመት ራሳችሁን ማገድ ትችላላችሁ።

መለማመጃ

መልሱን ሳታዩ ደብተር ላይ ሥሩ።

ሀ) ባክ 20 ፓውንድ በ3.00፣ ሌይ ኦድ 3.05፣ ኮሚሽን 2 በመቶ። መክፈቻ ውርርድ ነው።

ለ) ነጻ ውርርድ 20 ፓውንድ በ6.00፣ መደቡ አይመለስም፣ ሌይ ኦድ 6.40፣ ኮሚሽን 5 በመቶ።

ሐ) ኦዶቹ 1.90፣ 3.40፣ 4.20 ናቸው። ቤቱ ስንት ይዟል?

መልስ፦ ሀ) የሌይ መደብ 19.80፣ ማስያዣ 40.59፣ ኪሳራ 60 ፔንስ ገደማ። ለ) የሌይ መደብ 15.75፣ ማስያዣ 85.05፣ ትርፍ 14.95 ገደማ። ሐ) ድምሩ 105.85፣ ቤቱ 5.85 ይዟል። “ለ” ላይ 19 አካባቢ የሆነ የሌይ መደብ ካገኛችሁ 1 መቀነሱን ረስታችኋል፣ ወደ 5ኛ ደረጃ ተመለሱ።